ኋላ ቀሩ የጨርጨር ገበሬ

በታኅሣሥ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመው መኪና ሚኤሶን አልፎ የጭሮን ዳገት ሲያያዘው፣ የጨርጨር ገበሬ ማሽላውን ሲሰበስብ ይደርስበታል። ሰውየው በሚያዝያ ማሽላ ዘርቶ ነበር፤ አሁን የሚያጭደውም ማሽላ ነው። ምን ዓይነት ሐሳብ ማጣት ነው! ወራቱን ሁሉ ሲያርምና ሲኮተኩት፣ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር፣ ከአቀንጭራ ጋር ሲተናነቅ ከርሞ ያገኘው ያንኑ የዘራውን። መኪናው ውስጥ ያለው የከተማ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለውን እርሻ ከተወው ቆይቷል።

ዘመናዊው እርሻ ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ በርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤው ላይ ሙዝ፣ ጤፉ ላይ ሰጋቱራ ትጨምራለህ። ሚዛንህን ዘጠኝ መቶ ግራም ኪሎ ነው ብሎ እንዲምል ታስተምረዋለህ። የሠራተኛህን ደመወዝ «ሰኞ ና» እያልክ ታሻግራለህ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከትርፉ ቆንጠር አድርገህ ጥላና ጧፍ ትገዛና ወደ ቁልቢ ትወጣለህ። የሸክላ ዱቄት ዘርተህ በረከት አጨድህ ማለት ነው። ለቸኮለ ደግሞ ሐምሌ 19 አለ፤ በዓመት ሁለት ምርት።

ስለትን እያንቋሸሽኩ አይደለም። ልጅ አጥታ የኖረች እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ራስ መኮንን ባሠሩት ደብር ልታስጠምቅ ብትሄድ እኔ ምን አፍ አለኝ? የማደንቀው መልአኩን የንግዱ ሸሪክ ያደረገውን ነው። «ዕቃዬ ሳይፈተሽ ካለፈልኝ» ብሎ የሚሳለውን። ለገብርኤል የቆረጠውን ፐርሰንት ለገቢዎች ቆርጦ አያውቅም።

ታኅሣሥ 19 የሚታሰቡት ሦስቱ ወጣቶች፣ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ፣ እቶን ውስጥ የተጣሉት ለናቡከደነፆር ምስል አንሰግድም በማለታቸው ነበር። ያመኑበትን አደረጉ፤ የሚመጣውንም ሊቀበሉ ቆሙ። የእኛ ሰው እሳቱን ራሱ ይለኩሳል፣ ማገዶም ይጨምራል፤ ሲለበልበው ደግሞ «ገብርኤል፣ ድረስልኝ!» ይላል። ክብሪቱ ግን ከኪሱ አትወጣም። ቀራጩ ዘኬዎስም ይህን ሰው ቢያማክር ኖሮ ያን ሁሉ ኪሳራ ባልገባ ነበር። የበደሉትን ሰው ፈልጎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? አንድ ጥላ ይበቃው ነበር።

ጴንጤ ወንድሞቼ «ይኼስ እናንተን ነው» ብለው እንዳይሥቁ። አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ እርሻው ከነስሙ ገብቷል፤ በፖስታ የታሸገ ብር «ዘር» ይባላል፣ ሺህ ብር የዘራም መኪና እንደሚያጭድ ይተነበይለታል። ካልበቀለ ጥፋቱ የነቢዩ አይደለም፤ የዘሪው እምነት ጎድሎ ነው። ጭሮ ገበያ ላይ የማይበቅል ዘር ሸጦ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ቢኖር ገበሬው ምን እንደሚያደርገው እናንተው ገምቱ።

ኪሳራ ሲመጣስ? ሰይጣን አለልን። በአንድ ወቅት ጨርጨርን ያስተዳደሩት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በተባለው ተውኔታቸው አውሬዎችን መድረክ ላይ አውጥተዋል፤ ሰው ራሱን በአውሬው ውስጥ እንዲያይ። እኛ ሰይጣንን የምናወጣው ራሳችንን እንዳናይ ነው። ሰክሮ ሲነዳ ገደል የገባው «ጠላት ነው» ይላል፤ ሳያጠና የወደቀው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ምስኪን ሰይጣን! ባልዘራው ማሳ ሁሉ አጫጅ ሆኖ ይቀጠራል።

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ስለ መዝራትና ማጨድ ያለው ሁሉ የታወቀ ነው። ይቅርታ ይደረግለት፤ ድንኳን ሰፊ ነበር፣ ትልቅ ንግድ አያውቅም። ከጨርጨር ገበሬዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የእሱን መልእክት አላነበቡም። ቃሉን እንደ ወረደ ሲኖሩት የተገኙት ግን እነሱ ናቸው።

ስለቱን አግብቶ የሚመለሰው ነጋዴ ሂርና ላይ ሽንኩርት ለመግዛት ይወርዳል። ሻጯ ሚዛኑን ስታነሳ ጎንበስ ብሎ መርፌውን ያያል። «ምነው እናቴ፣ ፈጣሪን አትፈሪም? ሙይው እንጂ!»