ቦርጭ በእግሩ ሲሄድ፦ ስለ አዲስ አበባ የማለዳ ወክ የቀረበ ጥናት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአዲስ አበባ ውሾች ፈረቃቸውን ገና ሳያስረክቡ፣ አስፋልት ላይ የሚወጣ የሰው ዓይነት አለ። ቱታ ለብሷል፣ ስኒከር ተጫምቷል፣ በእጁ ዱላ ወይም የውኃ ፕላስቲክ ይዟል። የሚያስቸኩል ጉዳይ የለውም፤ ሆኖም ይቸኩላል። የሚደርስበት ቦታ የለውም፤ ሆኖም ይሄዳል፤ ሄዶ ሄዶም የተነሣበት በር ላይ ይገኛል። የትራንስፖርት ሊቃውንት ጉዞ የሚሉት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረስን ስለሆነ ይህ ሰው ከመዝገባቸው ውጭ ቀርቷል። የዚህ ጥናት ዓላማም ክፍተቱን መሙላት ነው።

የጥናቱ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የማለዳ ወክ ቦርጭ ያጠፋል ወይ? ካላጠፋስ ባለቦርጩ ለምን ተኝቶ አያድርም? መረጃው የተሰበሰበው ከመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ ከእንጦጦ ዳገት፣ ከቦሌ መንገድ ዳርና፣ ወሳኙ ይኼኛው ነው፣ ከቁርስ ቤቶች ነው።

ምደባ

በመስክ ምልከታ አራት ዝርያዎች ተለይተዋል።

አንደኛው የሐኪም ትእዛዝ ተራማጅ ነው። ይህ ሰው እስከ 50 ዓመቱ ድረስ ከመኪና በር እስከ ቢሮ በር ካለው ርቀት በላይ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። አንድ ቀን ግን ቁርስ ሳይበላ በሰጠው ደም ውስጥ ስኳሩ ከ126 በላይ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ በድጋሚ አስመርምሮ የስኳር በሽታ መሆኑን ያረጋግጥና መድኃኒት ይጽፋል፤ ወረቀቱን ሲሰጠውም «ወክ ያድርጉ» ይለዋል። በማግስቱ በሙሉ ቱታ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይወጣል። እግሩ ያለው መንገድ ላይ ቢሆንም ሐሳቡ ያለው ላቦራቶሪ ነው።

ሁለተኛዋ የሠርግ ተራማጅ ወቅታዊ ናት። ለጥር ሠርግ ኅዳር ላይ ብቅ ትላለች፤ ቬሎ ስትለካ ፍጥነቷ ይጨምራል፤ ከመልስ ማግስት ጀምሮ ከአካባቢው ትጠፋለች። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 በመሆኑ ለቀነሰችው ኪሎ ምስጋናው ለእግሯ ይሁን ለሽሮው መለየት አልተቻለም።

ሦስተኛው ዝርያ፣ ጡረተኛው፣ በቡድን የሚንቀሳቀስና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ነው። በዚህ ቡድን ዘንድ የወሬው ክብደትና የእርምጃው ፍጥነት ተቃራኒ ናቸው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲወራ ቡድኑ በመደበኛ ፍጥነቱ ይጓዛል። ስለ ዶላር ምንዛሪ ሲነሣ ይዘገያል። የመንግሥት ነገር ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሰዓት ከፈጀው ወክ ውስጥ ምን ያህሉ እርምጃ፣ ምን ያህሉ ሸንጎ እንደነበር አባላቱ ራሳቸው አይስማሙም።

አራተኛው የስልክ ተራማጅ ነው። የሚራመደው ለስልኩ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቆጣሪው 9,400 ላይ ከቆመበት በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ይመላለሳል፤ ሚስቱ ፊልሙን እንዳትከልለኝ እስክትል ድረስ። ብልጡ ደግሞ ስልኩን ግቢ ውስጥ ለሚሯሯጥ ልጁ ያስይዛል። ልጁ ይከሳል፤ አባት ግቡን ይመታል።

አራቱም የሚጋሩት አንድ ልብስ አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው 10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ላይ የሚለበሰው ካናቴራ ለዚህ ማኅበረሰብ የማዕረግ ልብስ ነው፤ በደበዘዘ መጠን የባለቤቱ ማዕረግ ከፍ ይላል። በዕለቱ ሰውየው ሮጦ ይሁን ከሙዚቃው ጋር ሲጨፍር አርፍዶ ካናቴራው አይመሰክርም።

የ10,000 አመጣጥ

የስልክ ተራማጁ የሚሰግድለት 10,000 የተባለው ቁጥር ከሕክምና የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ሠራና «ማንፖ ኬይ» የሚል ስም አወጣለት፤ የ10,000 እርምጃ ቆጣሪ ማለት ነው። ቁጥሩ ድፍን ነው፣ ለጆሮ ይጥማል፣ ለማስታወቂያም ይመቻል።

ጃፓኖች በዚያ ሰሞን ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያስቡ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ በቀደመው ዓመት ያስተናገዱት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነበር። በዚያ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ ከዚያም ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሳሎኑን ሲዞር ለሚያመሸው ሰው መከራ ኢትዮጵያ ራሷ በከፊል ተጠያቂ ናት። የካሳ ጥያቄ እስካሁን አልቀረበም።

ሳይንስ ቁጥሩን የመረመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርዷ ተመራማሪ አይሚን ሊና ባልደረቦቿ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ከእርምጃው ጋር እየሰፋ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ባለበት ቆመ። በዚህ ስሌት ቀሪው 2,500 እርምጃ ለማስታወቂያው የሚከፈል ግብር ነው።

የሹፌሩ ሱሪ

ከዚህ ጥናት ብዙ ቀደም ብሎ የመንቀሳቀስን ጥቅም የደረሰበት የሎንዶን አውቶቡስ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚቀመጡት ሹፌሮች ባለፎቁን አውቶቡስ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ እንደሚጠቁ አሳየ። ልዩነቱ ከውፍረት ይሆን ብሎ ስለጠረጠረ ወደ ግምጃ ቤት ሄደና ለሠራተኞቹ የታደለውን የደንብ ልብስ ልክ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1956 ውጤቱን አሳተመ፤ የሹፌሮቹ ሱሪ በእርግጥም ወገቡ ሰፊ ነበር። ነገር ግን ጠባብ ሱሪ የለበሱት ሹፌሮችም ከመታመም አልዳኑም። ጥፋቱ የቦርጩ ብቻ አልነበረም፤ የመቀመጡም ጭምር ነበር።

ሞሪስ የጻፈውን ራሱ ሲሠራበት ኖሮ በ99 ዓመቱ አረፈ።

በአዲስ አበባ ሚኒባስም ይኸው የሥራ ክፍፍል አለ። ሹፌሩ ይቀመጣል። ረዳቱ በየፌርማታው ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ታክሲው ከተነሣ በኋላ ሮጦ ይንጠለጠላል። ደረጃ ባይኖረውም ሰው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሁለቱ ሱሪ ልክ በየትኛውም ግምጃ ቤት ባለመመዝገቡ ግን ንጽጽሩ በዓይን ግምት ቀርቷል።

የገቢና የወጪ ሒሳብ

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 250 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ የያዘው ደግሞ 7,700 ያህል ነው። ሲካፈል፣ አንድ ኪሎ ለማውረድ አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው መነሣት ያስፈልጋል፤ በምግቡ ላይ ምንም ካልተጨመረ።

ጥናቱን ወደ ቁርስ ቤት የወሰደው ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ከወክ የተመለሰ ቡድን ቁርስ ቤት ሲገባ «ዛሬማ ሠርተናል» የሚል ቃል ይሰማል፤ ቃሉ በሕግ ፊት ከፈቃድ ወረቀት አይተናነስም። ጨጨብሳ ይታዘዛል። የሚፈስስበት ቅቤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 100 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሁለት ማንኪያ ከፈሰሰ 200 ነው። ሻዩ ውስጥ የሚጨመረው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 50 ገደማ ይሆናል። 250 ወጣ፣ 250 ገባ፤ ሒሳቡ ተዘጋ። ቂጣው ገና አልተቆጠረም። ማሩም በስኒ ቀርቦ ይጠብቃል።

ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ቅቤው በዘይት ይተካል። ዘይት በአንድ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ዘይቱ የጾም ነው፤ ካሎሪው ግን አይጾምም።

የዘመድ ተጽዕኖ

ይህን ሁሉ አልፎ የቀነሰ ሰው ቢገኝ ፊቱ ላይ የሚቆመው እንቅፋት ዘመድ ነው። ሲወፍር «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» የተባለ ሰው አራት ኪሎ ሲቀንስ ምርመራ ይከፈትበታል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጡረተኛውን ያገኘችው ጎረቤት እጁን ይዛ አትለቅም። «ምነው ጋሼ፣ ደኅና አይደሉም እንዴ? ከሱብኝ እኮ!» ወክ እያደረገ መሆኑን ያስረዳል። «እግዜር ይማርዎት» ትላለች።

እናት ደግሞ ከቃል አልፋ እርምጃ ትወስዳለች። «አጥንትሽ ወጣ እኮ ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ካለች በኋላ መልስ ሳትጠብቅ ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ ትጨምራለች። በእናት እጅ የመጣን ጉርሻ በካሎሪ ምክንያት የመለሰ ሰው በመስክ ምልከታው አልተገኘም።

በናሙናው ያልተካተቱ

በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረጉ ናቸው። ይሁን እንጂ የቀን ሠራተኛው፣ ታክሲ ያጣው ተማሪ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ለማድረስ ዳገት የምትወጣው እናት «ስፖርት ትሠራላችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ የለም የሚሉ ናቸው። ጥናቱም ቃላቸውን አክብሮ ትቷቸዋል።

ነገሩ አስቸጋሪ የሆነው እንጦጦ ላይ ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መወጣጫውም መናፈሻውም አምሯል። በዚያ ዳገት ላይ ሁለት ወገኖች ሲተላለፉ ኖረዋል። አንዱ ቦርጩን ይዞ ይወጣል። ሌላዋ ጎንበስ ብላ ከጀርባዋ የሚሰፋ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ትወርዳለች። አንዱ ክብደት ለመጣል ነዳጅ አቃጥሎ እስከ ተራራው ሥር በመኪና ይመጣል፤ ሌላዋ ክብደት ለመሸጥ ሽሮ ሜዳ ትደርሳለች። ከሁለቱ ወክ ያደረገው ማን እንደሆነ የጥናቱ ቅጽ የሚለየው በጫማ ነው።

ውስንነቶችና ግኝት

የክብደት መረጃው የተገኘው በየእግረኛ መንገዱ ሚዛን አስቀምጠው ደንበኛ ከሚጠብቁ ልጆች ነው። ተመዛኙ ጫማውን አያወልቅም፤ ጃኬቱን፣ የቁልፍ እሽጉንና ሁለት ስልኮቹን እንደያዘ ይወጣበታል። ሚዛኑ የተቀመጠበት ኮብልስቶን ዘመም ያለ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሚዛኑ የተበላሸ ነው፤ ዝቅ ካለ ሚዛኑ የጀርመን ዕቃ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ውጤት ለማንም ወገን አይመችም። ወክ ብቻውን ቦርጭ በማጥፋት ረገድ የስሙን ያህል አልሠራም። ሌላውን ሥራ ግን ሳይታዘዝ ሠርቶ ተገኝቷል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳርን ከደም እየሳበ ስለሚጠቀምበት ከምግብ በኋላ የሚደረግ የ15 ደቂቃ እርምጃ እንኳ ስኳሩ ከፍ ብሎ እንዳይወጣ ያግዛል። የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ እንቅልፍ ይሻሻላል፤ ጭንቀት ይቀላል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው አደገኛ ስብ የሚዛኑ ቁጥር ባይነቃነቅም ሊቀንስ ይችላል። የሐኪም ትእዛዝ ተራማጁ የጀርመኑ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲያዝን ላቦራቶሪው ደህና ወሬ ይዞ ይጠብቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። የጡረተኞቹ ቡድን የማውራቱን ክፍል ከተጠየቀው በላይ አሟልቷል፤ የቀረው መሄዱ ነው። ሆኖም ቡድኑ በዝናብም በብርድም አልቀረም፤ አንድ አባል ከጎደለም ቤቱ ድረስ ሄደው በር ያንኳኳሉ። ለቦርጫቸው ሲሉ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ይተዉት ነበር።

የጥናቱ ሁለተኛ ዙር በቁርስ ላይ ያተኩራል። ጨጨብሳውን በቅንጬ የሚተካ አንድ ቡድንና እንደ ልማዱ የሚቀጥል ሌላ ቡድን ለማወዳደር ታስቧል፤ ለሁለተኛው ቡድን የተመዘገበው ሰው ቦታው ከሚችለው በላይ ሲሆን ለመጀመሪያው እስካሁን የቀረበ የለም። የመስክ ሥራው ሰኞ እንዲጀመር ተወስኖ ነበር። ያ ሰኞ የፋሲካ ማግስት መሆኑ ሲታወቅ ግን ዶሮው እስኪያልቅ ድረስ ለሌላ ሰኞ ተላልፏል።