ይድረስ ለጋሼ፦ ስለ ኮሮላዋ ኳኳታ

ይድረስ፦ ካዛንቺስ ተወልደው ላደጉት፣ እስካሁንም ከቂርቆስ ላልራቁት ለተከበሩ አጎት ለጋሼ
ከ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ከኮሮላዋ የፊት እግር የሚሰማውን፣ ሾክ አብዞርበር ተቀይሮም፣ ጎማ ተቀይሮም፣ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፎም ያልተወገደውን ኳኳታ ነው። ጉዳዩ በስልክ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ከመኪናዋ ሁኔታ ተነሥቶ ሳይታሰብ ወደ ሐዋላው የምሥጢር ቁጥር ስለሚሻገር፣ ላኪው ነገሩን በጽሑፍና በሥርዓት፣ ቃላቱንም እያብራራ ማቅረቡን ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል፤ ጽሑፍን ኔትወርክ አይቆራርጠውምና።

ኮሮላን ጨምሮ አብዛኞቹን ትንንሽ የቤት መኪናዎች ከፊት የሚሸከማቸው ማክፈርሰን ስትረት የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን ነው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረቡት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፈር መኪናዎች ካስተዋወቁት ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። አሠራሩ ሞላን፣ ማለትም የመንገዱን ምት የሚቀበለውን ጥምዝ ብረት፣ ከሾክ አብዞርበር፣ ማለትም በውስጡ ባለው ዘይት የሞላውን ዝላይ ከሚገታው ቱቦ ጋር በአንድ ምሰሶ ላይ ያጣምራል። ምሰሶው ከላይ፣ ከኮፋኖው ሥር፣ በጎማ መቀመጫና በኩሽኔታ ከቦዲው ጋር ይታሰራል። ከታች ደግሞ አግድም የተዘረጋ ክንድ አለ፤ ይህ ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው ጎሚኒ በሚባሉ፣ በብረት ቀለበት ውስጥ በተጨመቁ ጎማዎች ሲሆን፣ ከጎማው ወገን ጋር የሚገናኘው ክብ ራሱ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ በሚዞር ቦል ጆይንት ነው። በዚህ ላይ መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ አንድ ጎን እንዳታዘነብል ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ስታቢላይዘር የተባለ ዘንግ፣ ዘንጉንም በሁለቱ ጫፎቹ የሚይዙ ስታቢላይዘር ሊንክ የሚባሉ አጫጭር ማያያዣዎች አሉ፤ መሪው ሲዞር ጎማውን የሚያዞረው ታይሮድም እዚያው ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከአንድ ጎማ ጀርባ ተሸሽጎ ሳለ፣ «እግሯ ነው» ብሎ መፍረድ የሚፈለገው ሰው አዲስ አበባ ይኖራል እንደማለት ነው።

የሰፈር ምርመራ አንድ ቋሚ ሕግ አለው፤ መርማሪው ሁልጊዜ የሚያገኘው በራሱ መኪና ላይ የተሰበረውን ዕቃ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጡረታ የወጡት ባለ ታክሲ «ኩሽኔታ ነው» ሲሉ፣ የጎሚስታው ልጅ «ባላንስ ነው» ሲል፣ መኪና ኖሯት የማታውቀው የቡና ጎረቤት ደግሞ «ዓይን ነው» ብላለች፤ ከሦስቱ መካከል ጋሼን ገንዘብ ያላስወጣችው የመጨረሻዋ ብቻ መሆኗ ግን በመዝገብ ሊያዝላት ይገባል። አራተኛው ፍርድ የመካኒኩ ነበር፤ ሾክ አብዞርበር ነው ተብሎ፣ ከሶማሌ ተራ «ከጃፓን መኪና የወረደ፣ ያልተነካ» የተባለ ጥንድ ተገዝቶ ተገጠመ። ኳኳታውም አዲሶቹን እንግዶች በክብር ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ።

መካኒኩ አያውቅም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ችግሩ መኪናዋን የሞከረበት መንገድ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት በሰፊው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ሲዛወር፣ የቀረው አስፋልት ሰፋ፣ ለሰለሰ፤ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በዚህ አስፋልት ላይ የተነዳች መኪና ደግሞ ምንም እንከን የሌለባት ሆና መታየቷ አይቀርም። ኳኳታውን የሚያወጣው በቂርቆስ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የተነጠፈው ኮብልስቶን ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዮቹ ግራውንና ቀኙን ጎማ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚያነሡ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለችው የአንዲት ሚሊሜትር ክፍተት እንኳ ብረትን ከብረት ታማታለች። ስለዚህ መካኒኩ ዳግመኛ ሲሞክር ወደ አዲሱ ጎዳና ሳይሆን ወደ ውስጥ ይውሰዳት፤ በቀስታ ይንዳ፤ ሬዲዮውንም ይዝጋ። ጋሼም ከጎኑ ተቀምጠው ስለ ቀድሞው ካዛንቺስ አያውጉት፤ በወሬ መካከል የጠፋ ኳኳታ ብዙ ነውና።

ከመንገዱ በፊት ግን የዕቃ መጫኛው ባዶ ይደረግ። ክሪኩ፣ ተጠባባቂ ጎማውና ከዓመት ዓመት እዚያው የሚኖሩት የጠበል ጀሪካኖች ወርደው ሳለ ድምፁ ካልተሰማ፣ ነገሩ በነጻ አለቀ። ድምፅ በቦዲው ላሜራ ላይ ስለሚጓዝ ከኋላ የተነሣው ከፊት የመጣ መስሎ መሰማቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ድምፁ ከቀጠለ ዓይነቱ ይለይ። በኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲኬድ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ ቀለል ያለ «ኳ ኳ ኳ» ብዙውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ወጥታ ስትወርድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ወፍራም «ድው» የሾክ አብዞርበሩን ወይም የላይኛውን መቀመጫ ያመለክታል። ፍሬን ሲያዝና መኪናዋ ስትነሣ የሚመታ ከሆነ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ይጠረጠራል። መኪናዋ ቆማ መሪ ሲዞር ሞላው እየተጠመዘዘ በድንገት የሚለቅቅ ከመሰለ፣ ከላይ ያለው ኩሽኔታ ደርቋል። መሪው እስከ ጥግ ታጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ የሚመጣው «ቀጭ ቀጭ» ደግሞ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው የሴሚያስ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። አንድ ፈተና በተለይ አይዘለል፤ ኳኳታው እየተሰማ በግራ እግር ፍሬኑን እጅግ በስሱ መንካት ነው። ያኔ ድምፁ ጸጥ ካለ፣ ጥፋቱ ሊገኝ የሚችለው ከላላ የፍሬን ሸራ ወይም ሸራውን ከሚይዘው ካሊፐር ላይ ሲሆን፣ የሾክ አብዞርበሩ ገንዘብ በከንቱ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ የእጅ ምርመራ ይከተላል። ሁለቱም ጎማዎች መሬት እንደረገጡ አንድ ሰው መኪናዋን ከላይ ወደ ታች ይወዝውዝ፤ ሌላው መዳፉን በየተራ በሊንኩ፣ በክንዱ ጎሚኒና በላይኛው መቀመጫ ላይ ያሳርፍ፤ ጣቱን ግን በሞላው ጥምዝ መካከል አያግባ። ጆሮን የሚያሳስተው መዳፍን አያሳስተውም፤ ምቱ በቆዳ ላይ ይሰማል። በክሪክ አንዱን ወገን ብቻ አንሥቶ ሊንክን መፈተሽ ከንቱ ነው፤ የስታቢላይዘሩ ዘንግ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ክፍተቱ ይደበቃል። ቦል ጆይንትን ለማየት ግን ጎማው መነሣት አለበት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ጠንካራ መደገፊያ ይደረግለት። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ መላወሱ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልቆመ ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኝ ተይዞ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ታይሮድ ነው።

በላኪው አካባቢ ማንኛውም መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ይደረግለታል፤ መጋጠሚያው የላላ መኪና መስታወቱ ላይ የውድቅ ምልክት ይለጠፍበትና ባለቤቱ በ15 ቀን ውስጥ አሠርቶ እንዲመለስ ይደረጋል። የዚህ አገር መካኒክም አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ለምርመራው ብቻ ያስከፍላል፤ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ይህ በመጀመሪያ ዝርፊያ ይመስላል። ካዛንቺስ ላይ ምርመራ በነጻ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከዕቃው ጋር ነው፤ ዕቃው ደግሞ በነጻ ግምት የተመረጠ ነው። የትኛው እንደሚረክስ የጋሼ ደረሰኞች ይመስክሩ።

መኪናዋን ሸጦ ሌላ መግዛት የሚለው የእትዬ ሐሳብ ቁም ነገር አለው፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪናዎች ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ ታክስ እስከ 500 በመቶ ስለሚደርስ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸው ስለተገለጸ፣ አሮጊቷ ኮሮላ ከነኳኳታዋ ተከብራለች። ስለዚህ ትጠገን።

በመጨረሻም ጋሼ የሚለመኑት ይህ ነው፦ በኮብልስቶን ላይ የተቀዳውን ድምፅ ይላኩ፤ የሚቀየረው ዕቃ ከተፈታ በኋላ አሮጌው ከአዲሱ ጎን ተቀምጦ ፎቶ ይነሣ፤ ጎሚኒ ከተቀየረም ብሎኑ የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ካሳረፈች በኋላ መሆኑ ለመካኒኩ ይነገረው፣ አለዚያ የጎሚኒው ጎማ እንደተጠመዘዘ ቀርቶ ቶሎ ይቀደዳል። ለጥንድ ሊንክ የሚሆነው ገንዘብ ድምፁ በደረሰ ማግስት ይላካል። ለሌላ ሾክ አብዞርበር ግን ሐዋላው ዝግ ነው። የላላው ቦል ጆይንት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መጋጠሚያው ተላቅቆ ጎማው በመንገድ ላይ ሊታጠፍ ስለሚችል፣ እስኪቀየር ድረስ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ፤ ጋሼ ለእሑድ ቅዳሴ በእግር ይሂዱ።