ሚዛን ያልያዘ ምክር

መገናኛ አካባቢ አስፋልት ዳር ሚዛኑን ዘርግቶ የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። ይወጡበታል፣ አጎንብሶ ቁጥሩን ይነግራል፣ ብሩን ይቀበላል፤ በቃ። ከዚያ በታክሲ ወደ ቦሌ ወረድ ሲሉ፣ ሊፍቱ በሚሠራበት ቀን ከሚደረስበት ፎቅ ላይ፣ ለስላሳ ሶፋና የእንባ ሶፍት የተሰናዳበት የምክር ክፍል ይገኛል። ለጭንቀት የገባው ሰው ሊወጣ ሲል «ቦርጩንም ቀነስ ያድርጉት እንጂ፤ እራት ይተዉ» ተብሎ ይሸኛል። ሚዛን የለ፣ ሜትር የለ፤ በዓይን ግምት፣ እንደ በግ ተራ። በኪሎ ጉዳይ ከሁለቱ የማምነው የመገናኛውን ልጅ ነው።

ባለሙያውን መናቄ አይደለም። እንዲያውም የአእምሮ ሐኪም ስለ ውፍረት ከሌላው አብልጦ ማወቅ አለበት፤ አንዳንዱን ኪሎ የሚያዘው ራሱ ነውና። ኦላንዛፒን የተባለው መድኃኒት የሌለ ድምፅ እየሰማ ለሚሰቃይ ሰው ትልቅ ባለውለታ ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ግን እንደ ፋሲካ ሌሊት ይከፍተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ይህን መድኃኒት ከወሰዱት 30 በመቶው ክብደታቸው በ7 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሯል። ለእንቅልፍም ለራስ ምታትም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እንግዲህ እንክብሉን የዋጠው ሰውዬ እንጀራ ሲደርብ «ራስዎን ይግዙ» ማለት፣ በሩን ከፍቶ ትቶ ጅብ ለምን ገባ እንደማለት ነው። የተወቀሰው ሰው ደግሞ እንጀራውን ሳይሆን እንክብሉን ሊተው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሽታው ከነጓዙ ይመለሳል። የአሜሪካ የስኳርና የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበራት በ2004 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት መመሪያ ከምክሩ በፊት መለኪያውን ያስቀድማል፦ እንደ ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት ሲጀመር፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ክብደት ይታያል፤ ወገብ፣ ስኳርና ግፊትም በየጊዜያቸው ይለካሉ።

«ሐኪሙ ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በማለዳ አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ የቆመ ያውቀዋል። ለመመዘን ግን ሐኪም አያስፈልግም፣ ነርስ ትበቃለች፤ የቦሌው ክፍል ደግሞ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፣ ሰልፍም የለበት። «መድኃኒት የማይወስደውስ እራት ቢተው ምን ይሆናል? ሁዳዴን 55 ቀን የምንጾም ሰዎች አይደለንም እንዴ?» ለሚል ደግሞ፣ ጾም ጎረቤትና ፋሲካ አለው፤ የብቻ ረሃብ ሁለቱም የሉትም። ደግሞስ በጾም የከሳ ማን ነው? በዘይት የሚዋኘው በያይነቱና የቦሌው የጾም በርገር ይመስክሩ። የረሃብን ጠባይ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላይ በ1944 እና በ45 እ.ኤ.አ. አይተውታል፦ 36 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ሲኖሩ ቀልዳቸው ጠፋ፣ ነጭናጫና ተካዥ ሆኑ፣ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ይህን ለተከዘ ሰው ማዘዝ እሳትን በጋዝ ማጥፋት ነው።

ታዲያ ስለ ቦርጭ ዝም ይባል? አይባል። ስኳር አይቀልድም። ግን መጀመሪያ ይመዘን፣ የሚውጠው ምን እንደሆነ ይጠየቅ፣ መድኃኒቱ የሚለወጥ ከሆነ ሐኪሙ ይለውጠው። ሚዛን ከሶፋው ጎን ቢቀመጥ ቦታ አይፈጅም። እስኪገዛ ድረስ ደንበኛውን ወደ መገናኛ መላክ ነው፤ ልጁ ስለ እራት አያነሳም።