እንሽላሊት ለመግዛት ሽማግሌ ተፈለገ

በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለማጨት፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ ሲብስም ደም ለማድረቅ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ ሽምግልናዬ ወርዶ ወርዶ እንሽላሊት ፊት አቆመኝ። የልጅ ልጄ ጢማም እንሽላሊት ካልተገዛልኝ ብሎ ቤቱን አመሰው። እናትና አባቱ ሥራ ገቢ ናቸው። "አባባ በግ መምረጥ ያውቁበታል፤ እሳቸው ይዘውት ይሂዱ" ተባለ። በሁዳዴ ጾም፣ በባዶ ሆዴ!

"ቢርድድ ድራጎን" ይሉታል። የዘሩ አገር አውስትራሊያ ነው። እዚያ የዱር እንስሳን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከተከለከለ ብዙ አሥርት ዓመታት ስላለፉ፣ እዚህ የሚሸጠው እዚሁ የተፈለፈለው ነው። በውልደቱ አሜሪካዊ ነው ማለት ነው፤ የኔ የዜግነት ማመልከቻ ግን እስካሁን መልስ የለውም። ጢም የሚሉትም ከአገጩ ሥር ያለ እሾሃማ ቆዳ ነው፤ ሲቆጣ ይነፋዋል፣ ያጠቁረዋል። እኔ እውነተኛውን ጢም አሸብቼ እንኳ በዚህ ቤት የሚፈራኝ የለም።

ሱቅ ስንደርስ ልጁ ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛውን ወደደ። ሻጩም ፈጠን ብሎ "ይሄ ረጋ ያለ ነው" አለ። በግ ተራ ያደገ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል! በጠራራ ፀሐይ አንገቱን የደፋ ሙክት ጨዋ አይደለም፣ ታሟል። ጤነኛ እንሽላሊት ቀን ላይ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ራሱን ቀና አድርጎ እጅህን ይከታተላል። ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ግን ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ጤነኛውም ይፈዛል። የሚሞቅበት ቦታ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ወዲያኛው ጥግ ወደ 25 ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከሙቀቱ አምፖል ሌላ ዩቪቢ የሚባል ብርሃን ያስፈልገዋል። ያ ከሌለ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ካልሲየሙም አጥንት ላይ አይደርስም፤ እግሩ ይጣመማል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሲራመድ ማየት ነው። ሆዱን ከመሬት አንስቶ ከሄደ ደህና፣ እየጎተተ ከሄደ ለሌላ ሰው ይሸጥ።

ቀጥሎ ጅራቱ። ሥሩ ሞላ ማለት አለበት፤ የዳሌው አጥንት አፍጥጦ ከታየ ከስቷል። ላት የለመደች እጄ እንዲህ ብትዋረድም አልተሳሳተችም። ጣቶቹንና የጅራቱን ጫፍ ቆጠርኩ፤ ጫጩቶቹ አንድ ሣጥን ውስጥ ሲታጨቁ ወንድም የወንድሙን ጣት ይበላል። አፍንጫው ላይ አረፋ እንዳይኖር፣ ዓይኑ እንዳይሰረጉድ። አፉን ከፍቶ አምፖል ሥር ቢቀመጥ ሙቀቱን እያበረደ ነው፤ ከአምፖሉ ርቆ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ከሆነ ግን ሳንባውን ነው። ከ15 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጫጩትማ በነፃም አይወሰድ፣ በቀላሉ ይሞታል።

ከዚያ ወደ ውርደቱ። መነጽሬን አድርጌ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሕዝብ መሐል የእንሽላሊት መቀመጫ መረመርኩ። ንጹሕ መሆን አለበት፤ ኩስ ደርቆ ከተለጠፈበት ሆዱን ታሟል። "እስቲ ሲበላ አሳየኝ" አልኩት ሻጩን። ፌንጣ በተነለት። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ምራቄን እየዋጥኩ፣ እሱ ፊቴ ሥጋውን እየቀረጠፈ!

ገዛነው፤ የተኛውን ሳይሆን፣ ሊያመልጠን የሮጠውን። አሥር ዓመት ያህል ይኖራል አሉ፤ ቀባሪዬ መሆኑ ነው። ቤት እንደገባን የልጅ ልጄ ወደ ቧንቧው ገፋኝ፦ "አባባ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ሳልሞኔላ አለው።" የአንጀት ተባይና ኮክሲዲያ ደግሞ በዓይን ስለማይታይ ኩሱ መመርመር አለበት ተብሎ፣ ልጄ በዚያው ምሽት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደውላ ለሐሙስ ቀጠሮ አስያዘችለት። የጉልበቴን ነገር ሳነሳባት "አባባ፣ እሱ እርጅና ነው" አለችኝ።