መምህሩ እንዳይነካው!

መምህርን በቴክኖሎጂ መርዳት ከባድ ሥራ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ መምህሩን ሳይጠይቁ መርዳት ነው፤ እኛ በዚህ ተክነናል። ሌላው «ምን ይጎድልሃል?» እያለ ጊዜውን ሲያባክን እኛ ዕቃውን ገዝተን፣ ሪባን ቆርጠን፣ ለዜና ተቀርጸን ጨርሰናል።

ፕላዝማን እናንሣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ያ ሰፊ ስክሪን እንዴት ያለ አስተማሪ ነበር! አይታመም፣ አያረፍድ፣ የደመወዝ ጭማሪ አይጠይቅ፣ የዝውውር ፎርም አይሞላ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይወርዳል። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ታግሦ፣ ተማሪው መለሰም አልመለሰ፣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆኖ ለተጣበበ ልጅ ከዚህ የበለጠ ቸር አስተማሪ ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ግን ካቆመበት አይቀጥልም፤ የሒሳቡን መነሻ ያየ ክፍል መልሱን ሳያይ፣ መልሱን ያየ መነሻውን ሳያውቅ ይደወላል።

ሥጋ ለባሹ መምህርም አልተረሳም። ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ተቆረሰለት። በመካከሉ ቆሞ ያያል። በፊዚክስ የተመረቀ ሰው ማብራትና ማጥፋት አያቅተውም ተብሎ ታምኖበታል፤ ይህ ትልቅ እምነት ነው። በሦስተኛው ረድፍ ያለችው ልጅ ግንባሯን ስትቋጥር ያያታል፤ ያልገባት የቱ ጋ እንደሆነም ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ አስተምሯታልና። ግን «ቆይ አንዴ» የሚለው ለማን ነው? ስክሪኑ ጆሮ የለውም። መምህሩ ደግሞ ጆሮም ዓይንም አለው፤ የሌለው ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለውን የሥራ ክፍፍል ያሰበ ጭንቅላት ሽልማት ቢነፈገው ግፍ ነው።

ለነገሩ ፕላዝማው ለመምህሩ ጥቂት ደቂቃ መተዉ ራሱ ድክመት ነበር። ይህን ያረሙልን እንግዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ወዳልነበራቸው መንደሮች ታብሌት በካርቶን አሽጎ ወሰደ፤ መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ ተባለና ዓለም አጨበጨበ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማንም አይክደውም። እኔን የገረመኝ ጭብጨባው ነው። የእኛ መምህር ያንኑ ማብሪያ ዓመት ሙሉ ሲጫን ማን አጨበጨበለት?

አሁንስ? አሁንማ ሠልጥነናል። ኮምፒውተር ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና ንብረት ክፍል ይገባል፤ እዚያም አቧራ እንዳይነካው በላስቲኩ፣ መምህር እንዳይነካው በቁልፉ ይጠበቃል። የሚፈልግ መምህር በሞዴል 22 ፈርሞ መውሰድ ይችላል፤ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጣል። ይህን ሰምቶ የሚፈርም ከተገኘ በእውነት ለቴክኖሎጂ ፍቅር ያለው ሰው ነው። የቀረው በራሱ ስልክ፣ በራሱ የዳታ ብር ከቴሌግራም ጥያቄ እያወረደ በቾክ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። እንደ ምንም ብሎ ይሠራበታል። ይህ ግን በሪፖርት አይገባም፤ ጨረታ ያልወጣበት ነገር እንዴት ቴክኖሎጂ ይባላል?

ሥልጠናማ ሞልቷል። የሆቴል አዳራሽ፣ የሻይ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ የባነር ፎቶ። አሠልጣኙ ስለ ተማሪ ተኮር ትምህርት ከፓወርፖይንት ላይ ቃል በቃል እያነበበ ሁለት ቀን ብቻውን ያወራል። ሠልጣኙ ኮምፒውተር ሳይነካ በኮምፒውተር አጠቃቀም ሰርተፊኬት ይቀበላል። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲቸገር የሚደውልለት ሰው የለም፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «እስቲ አብረን እንሞክረው» የሚል ባልደረባም ጊዜ አልተመደበለትም። ሳምንታዊ የክፍለ ጊዜ ጫናው አንድም አልተቀነሰም። ደግሞ አጠገብ ቁጭ ብሎ መርዳት ርካሽ ነው፤ ርካሽ ነገር ሪባን አይቆረጥለትም።

ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል። እኔም ለአገሬ አስቤ፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መምህሩን እንዴት እንደሚረዳ የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም እላለሁ። ከግዥ አንድ፣ ከፋይናንስ አንድ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ሁለት፣ ከአቅራቢው ድርጅት አንድ ታዛቢ። መምህሩም ቢገኝ ደስ ባለን ነበር፤ ግን ስብሰባው የሚደረገው በሥራ ሰዓት ነው፣ እሱ ደግሞ ክፍል አለው።