አሜባን ለቀቅ!

«አፍ እንኳ የሌለው ፍጡር!» አልከኝ? መላ አካሉ አፍ ለሆነ አፍ ምን ያደርግለታል! ባክቴሪያ ሲያገኝ ገላውን ዘርግቶ ይከበዋል፤ ውጦ በከረጢት ይዘጋበትና በአሲድና በኢንዛይም ያደቀዋል።

«ሆዴን የሚያሳርረኝ እሱ አይደል?» አይደለም። ያ ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ ነው። እኔ የምልህ ኬኔት ሬፐር ከሰሜን ካሮላይና ጫካ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀውን ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየምን ነው። በሆድህ ያለውን ቂም አፈር ውስጥ ባለው አትወጣ!

«ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ ምግቡን በዕድል ነው የሚያገኘው» ትላለህ። ዕድል? ባክቴሪያ የሚለቀውን ፎሊክ አሲድ ተከትሎ ነው የሚያድነው። አንተስ የሽሮ ሽታ ተከትለህ ጎረቤት ትገባ የለ?

«በልቶ መከፈል ብቻ!» መከፈሉንማ ይከፈላል፤ ባክቴሪያ በሞላበት በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። ግን ዝም ብሎ አይደለም። ያደቀቀውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ፈትቶ በእሱ አዲስ ገላ ይሠራል። የሌላውን አሜባ፣ የአሜባ ፕሮቲየስን ነገር ስማ፦ ተመራማሪው ዴቪድ ፕሬስኮት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከገላው እየቆረጠ ቢያሳንሰው ለወራት ሳይከፈል ቆየ። በልቷል፤ ግን አልሞላም። ሳይሞላ አይከፈልም!

«ሲርበው ያልቅለታል» ያልከው ግን ከሁሉ አናደደኝ። ለካ ዋናውን ነገር አታውቅም! እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ልንገርህ። ዲክቲዮስቴሊየም ሲርበው በውስጡ ጎጂ የኦክሲጅን ውህዶች ይበዛሉ። እሱም ድኝ ያለበትን ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወስዶ ግሉታታዮን በተባለ ውህድ ውስጥ ይቆልፈዋል። ሲስቲን ከታሰረ ፕሮቲን መሥራት ይቀንሳል፤ መብዛትም ይቆማል። በእጁ ያለውን ንጥረ ነገር ከዕድገት ነጥቆ ለሌላ ሥራ አዋለው ማለት ነው። ከዚያ የተራቡት ሁሉ ሳይክሊክ ኤኤምፒ በተባለ ኬሚካል ይጠራራሉ፤ እስከ 100 ሺህ የሚደርሱ ሕዋሳት ተሰባስበው እንደ አንድ አካል ይሳባሉ።

«ተሰባስበው ምን ሊፈይዱ?» ከአምስት አንዱ ያህል ግንድ ሆኖ ይሞታል፤ ሌሎቹን ወደ ላይ ያነሳቸዋል። እነሱም ስፖር ሆነው ይጠብቃሉ፤ ባክቴሪያ ያለበት እርጥብ አፈር ሲያገኙ ተፈልፍለው መብላት ይጀምራሉ። እስቲ አሁን ሆዳም በለው!