ገዳይ በደረሰኝ

የድሮ ሰው ሞኝ ነበር። ጎፈር ለመድፋት አንበሳ መግደል ግድ ይመስለው ነበር። ስንቁን ቋጥሮ፣ ቆላ ወርዶ፣ በወባ ተንዘፍዝፎ፣ ቀንቶት ከተመለሰ ነው አናቱ ላይ ቅቤ የሚደረግለት። የዛሬው ጀግና፣ ቅርስ ሰብሳቢው፣ ነቅቷል። ደላላው ከሰቆጣ ፎቶ ይልክለታል፤ እሱ ብሩን ያስገባል፤ በሳምንቱ ጎፈሩ፣ ጋሻውና ጦሩ ቦሌ ሳሎን ግድግዳ ላይ ናቸው። የቀረው ፉከራ ነውና እሱን እኔ በነጻ ልመርቅለት፦

ዘራፍ የሂሳቡ ጌታ፣
ጎሽ የጣለ በስልኩ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ማታ!

ታዲያ ይህ አደን ጥበብ የለውም እንዳትሉ። ሰብሳቢያችን ሰቆጣን ረግጦ ባያውቅም አውሬው ከጎሬው የሚወጣበትን ወቅት ለይቶ ያውቃል፦ ዝናብ ሲቀር። ማሽላው ሲጠወልግ፣ ፍየሉ ሲከሳ፣ የአያት ጋሻ ከምሰሶው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ተኩሶ አይስትም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ሲምል ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም የጠራው ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ይህን ስም ሲሰማ የተራበ ልጅ ይታየዋል፤ የእኛ ሰው ግን ቅናሽ ይታየዋል።

ሻጩ ጋሻውን ሲያስረክብ «የአያቴ ነው፤ ስማቸው እንዳይጠፋ» ይላል አሉ። ስም ግን አይጫንም። አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ስም ይጠብቀዋል፦ «የዋግ ሹም ጎበዜ ጋሻ!» ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ጎበዜ ዙፋን ላይ የቆዩት ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ብቻ ነው። በየሳሎኑ የተሰቀለው ጋሻቸው ቢሰበሰብ ግን ሰውየው ስንት ክንድ እንደነበራቸው ያጠያይቃል። ከሰቆጣ አቅራቢያ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ውስጥ የዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ ተቀምጧል። እነሱን ለሳሎን የጠየቀ እስካሁን አልሰማሁም፤ ሐሳቡን ከእኔ እንዳይወስዱ ፈራሁ እንጂ።

«ሕግስ?» የሚል አይጠፋም። የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው ያስመዝግብ ይላል፤ ቅርስ መነገድንም ይከለክላል። ሰብሳቢያችን ሕግ አክባሪ ነው፤ ጋሻውን ሁሉ መዝግቧል፣ በኢንሹራንስ ውሉ ላይ።

አገር ወዳድነቱንማ ማን ይጠረጥራል? በ1860 ከመቅደላ የተዘረፉ የቀንድ ዋንጫዎች በ2013 እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ደሙ ፈላ። «የድሃ አገር ቅርስ በገንዘብ ኃይል ሳሎን ማድመቂያ ሲሆን!» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ያስለቅሳል። የጻፈው ከዋግ ጋሻ ሥር ተቀምጦ፣ ጠጁን በጎሽ ቀንድ ዋንጫ እየተጎነጨ ነው። (ዋንጫው የበሬ ቀንድ ነው፤ ሻጩ አልነገረውም፣ እኔም አልነግረውም።) ዋንጫዎቹ ከጨረታው ወጥተው ለአገራቸው ተመለሱ። የእሱ ጋሻ ወደ ሰቆጣ ይመለስ ያለ የለም፤ ሰቆጣ ኤምባሲ የላትም።

አንጀቱም ስስ ነው። በመጋቢት 2007 አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ሲቃጠል እንባው ዱብ ዱብ አለ። ለዝሆኖቹ መስሏችሁ ነው?

አሁን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሥዕል። ፖስታ ቤት አካባቢ በሚሸጠው፣ ብራናው በጭስ «ካረጀው» የአደን ሥዕል ውስጥ ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑ ከነከነው። ስለዚህ ራሱ ጎፈር ደፍቶ አንበሳ ሲወጋ እንዲሳልለት አዘዘ። ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ በጥንቱ ወግ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ያውቃል።

«ጌታዬ፣ በስንት ዓይን ላድርግዎ?» አለው።

«ሁለቱም ይሁኑ እንጂ! ስንት ይጨምራል?»